ጋሼ ተፈራና አሥራ አንዱ የዳሊያ ጀሪካን

ጋሼ ተፈራ ባለፈው ሐሙስ ረፋድ ላይ፣ ሰባት ሳምንት በሆስፒታል አልጋ ከቆዩ በኋላ፣ እዚሁ ጁባ ውስጥ ወደሚወዱት ጌታ ሄደዋል። መርዶውን አብዛኞቻችሁ ከእኔ ስልክ ነው የሰማችሁት። በስልክ ግን ሰው ያለቅሳል እንጂ አያወራም፤ እኔም «አረፉ» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልወጣኝም። ስለዚህ አሁን ቁጭ ብዬ እጽፋለሁ። በሃይ ማላካል ሰፈር ለምታውቋቸው፣ ጄኔሬተራችሁን ለጠገኑላችሁ፣ በጸሎት ቤታችን ከእሳቸው ጋር ለዘመራችሁ፣ ድልድዩን ተሻግረው ሸሪካት ድረስ ለጠየቋችሁ ሁሉ ነው። አስቴር ነኝ፣ የፎቶ ኮፒ ቤቷ። ከእሳቸው ጋር በአንድ ግቢ ስምንት ዓመት ኖሬአለሁ። የምናዘዘውም ነገር አለኝ፤ እዚያ እስክደርስ ታገሡኝ።

ጋሼ ተፈራ የደብረ ብርሃን ሰው ነበሩ። ባለቤታቸው ከብዙ ዓመት በፊት ሞተዋል፤ ልጅ አልነበራቸውም። ወደ ጁባ የመጡት በጄኔሬተር ሥራ ነው። በዚህ ከተማ ደግሞ ጄኔሬተር የሚጠግን ሰው ከሐኪም ቀድሞ እንደሚጠራ ለእናንተ አልነግራችሁም። ከጠዋት እስከ ማታ ስልካቸው አያርፍም ነበር። ከጥቁር ዘይት የጸዳ እጅ ያየሁባቸው እሑድ እሑድ ብቻ ነው።

ግቢው ውስጥ በገባሁ ማግስት ጠዋት ከክፍሌ ስወጣ፣ ከወገቡ በተቆረጠ ቢጫ ጀሪካን ፊት ቁጢጥ ብለው አገኘኋቸው። ጀሪካኑ ውስጥ አፈር እንጂ ምንም የለም። እሳቸው ግን ሕፃን የተኛበት ይመስል ጎንበስ ብለው ያዩታል።

«ምን ተክለው ነው ጋሼ?» አልኳቸው።

«ዳሊያ።»

«እዚህ? በዚህ እሳት?»

«አዎ፣ እዚህ።»

እኔ ደግሞ አፌ አያርፍም፤ «ከሚደክሙ ሽንኩርት ቢተክሉ አይሻልም?» ብዬ እርፍ።

ቀና ብለው አዩኝና «ሽንኩርትማ ኮኞ ኮኞ ገበያ ሞልቶልሽ የለ። ይቺን ግን ሄደሽ ፈልጊያት እስቲ» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። ሥሩን ያመጡት ከእናታቸው ጓሮ ነው፤ በካልሲ ጠቅልለው፣ በሻንጣቸው ውስጥ ከቁልፍና ከፒንሳ ጋር አድርገው። በአውሮፕላን ማረፊያው ፈታሹ «ምንድን ነው ይሄ?» ሲላቸው «መድኃኒት ነው» ብለው እንዳለፉ ሲነግሩን ራሳቸው ይስቁ ነበር።

ዳሊያ የደጋ አበባ ናት። ደብረ ብርሃን ላይ አጥር ሥር ጥለሃት ብትሄድ ራሷን ታሳድጋለች። ጁባ ላይ ግን እንደ አራስ ነው የምትያዘው። ጋሼ በጠራራው ወራት ሥሩን ከመሬት አውጥተው፣ በደረቅ አሸዋ ሸፍነው አልጋቸው ሥር ያስቀምጡታል። ዝናቡ ሲቃረብ በጀሪካን ይተክሉታል። ቡቃያው ሲጠና ደግሞ በግንቡ ጥላ ወደ ሠሩት ከፍ ያለ መደብ ያዛውሩታል፤ ከላዩ መረብ ይወጥሩለታል፣ ከግንዱ ጎን እንጨት ተክለው በጨርቅ ቅዳጅ ላላ አድርገው ያስሩታል። ሽቦ አይወዱም። «ዕድሜዬን ሙሉ በሽቦ ሳስር ኖሬአለሁ፤ ይቺን እንኳ በጨርቅ ልሰራት» ይሉ ነበር። አሸዋውንና ደረቁን ሣር ለማምጣት ቅዳሜ ቅዳሜ ወንዙ ዳር ረጃፍ ድረስ ይወርዱ ነበር። እኔም ሁለት ጊዜ አብሬ ሄጄ፣ ሣሩን ተሸክሜ ስመለስ አንገቴ ሲበላኝ ሰነበተ።

ሥሩን የሚከፋፍሉበትን ቀን መቼም አልረሳውም። ቢላዋውን በእሳት ለብልበው፣ የቆረጡበትን ቦታ በአመድ እያበሱ፣ እያንዳንዱን ሥር አንስተው አንገቱ ላይ ዓይን ይፈልጋሉ። ቡቃያ የሚወጣባት ትንሽ እብጠት ናት ዓይን የሚሏት። እኔ የወፈረውን ሳነሣ «ተዪው፣ ዓይን የለውም» ይሉኛል። «ግን እኮ ትልቅ ነው!» «የፈለገ ቢያክል፣ ዓይን ከሌለው ተሸክሞ መዞር ነው» ብለው ወደ ጎን ይወረውሩታል።

እነዚያን የተጣሉትን ነው ማማ ሮዛ ያነሡት። ማማ ሮዛ የግቢያችን ባለቤት ናቸው፤ በስደት ጋምቤላ አድገው የተመለሱ፣ አማርኛቸው ከእኔ የሚፈጥን። ሥሮቹን ስኳር ድንች መስለዋቸው «ባምቤ ለምን ይጣላል?» ብለው ቀቀሏቸው። ማታ ጋሼ ከሥራ ሲመለሱ ማማ ሮዛ በሩ ላይ ሳህን ይዘው ቆመዋል። «ተፈራ፣ ይሄ የናንተ አገር ባምቤ ኩዌስ አይደለም፣ ሳሙና ሳሙና ይላል!» አሏቸው። ጋሼ ሳህኑን አዩ፣ ሴትዮዋን አዩ፣ ከዚያ ግንቡን ተደግፈው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ሳቃቸው ሲያባራም አንዱን አንስተው ቀመሱት። «እናቴ ይህን ብታይ ሁለታችንንም ታባርረን ነበር» አሉ። ለማማ ሮዛ በማግስቱ ዓይን ያለው ሥር ተከሉላቸው።

አንድ ጊዜ ደግሞ ቡቃያው ስንዝር ሲሞላ «ጫፏን ቀንጥሺ» አሉኝ። እጄ እምቢ አለ። ስንት ወር ጠብቀን ብቅ ያለችን ነገር! «ቀንጥሺ እንጂ» አሉ። «ካልቀነጠስሻት ብቻዋን ቀጥ ብላ ትወጣና የመጀመሪያው ነፋስ ይሰብራታል። ጫፏ ሲሄድ ነው ጎን የምታወጣው።» ዓይኔን ጨፍኜ ቀነጠስኩ። ከዚያች አንዲት ተክል በኋላ ስንት አበባ እንደቆረጥን እናንተ ታውቃላችሁ፤ ጸሎት ቤታችን መድረክ ላይ የነበረውን አቧራ የጠጣ የፕላስቲክ አበባ ያስነሡት እሳቸው ናቸው። እሑድ ጠዋት በወተት ዱቄት ቆርቆሮ ቀይና ነጭ ዳሊያ ይዘው በቦዳቦዳ ሞተር ሳይክል ሲመጡ፣ ሹፌሩ በአንድ እጁ ነድቶ በሌላው አበባውን ከነፋስ ሲከልልላቸው አይቻለሁ።

ሸሪካት የሚኖሩ አንዲት እናት ልጃቸው የሞተባቸው ጊዜም ትዝ ይለኛል። እኛ ሄደን ጥቅስ ጠቀስን፣ መከርን፣ ብዙ ተናገርን። ጋሼ ግን አንዲት ነጭ ዳሊያ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው አምጥተው፣ እናቲቱ አጠገብ አስቀምጠው፣ ምንም ሳይናገሩ ግማሽ ቀን ተቀመጡ። ሲመለሱ «ምነው አንድ ቃል እንኳ?» አልኳቸው። «አስቱ፣ የማይጠገን ነገር ፊት መፍቻ ይዞ አይቆምም» አሉኝ። ያኔ አልገባኝም ነበር።

ከሁሉ በላይ የሚቆጡበት ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ ውኃ። ሥሩ ተተክሎ ቡቃያው አፈሩን ፈንቅሎ እስኪወጣ ድረስ ጀሪካኑን ጠብታ ውኃ እንዲነካው አይፈቅዱም። «ሥሩ ስንቁን ይዞ ነው የገባው። ገና የሚጠጣበት አፍ አላወጣም፤ ያፈሰስሽው ውኃ እዚያው ተኝቶ ያበሰብሰዋል። ቸኩሎ ያጠጣ፣ ቆሞ ይቀብራል» ይሉን ነበር። በዚህ ጉዳይ ብቻ ድምፃቸው ከፍ ይላል። አንዴ ማማ ሮዛ የእጅ መታጠቢያ ውኃ ጀሪካኑ ላይ ሊደፉ ሲሉ የሥራ ሱሪያቸውን በእጃቸው ይዘው ከመጸዳጃ ቤት ሮጠው ወጥተዋል፤ ከዚህ በላይ አልናገርም።

ዘንድሮ ጠራራው ሊያልቅ ሲል፣ ቅዳሜ ዕለት አሥራ አንድ ጀሪካን ተከሉ። ፊታቸው አብጦ ነበር፤ «እንቅልፍ ነው» አሉን። በሳምንቱ ጄኔሬተር ሲያነሡ ወደቁ። ሐኪሙ ኩላሊታቸው መሥራት እንዳቆመ ነገረን። ደማቸው በማሽን መታጠብ ነበረበት፤ ማሽኑ ደግሞ ተበላሽቶ ዕቃ ከናይሮቢ እየተጠበቀለት ነበር። እሳቸው ሙሉ ከተማ ሲጠግኑ የኖሩ ሰው፣ በቆመ ማሽን አጠገብ ተኝተው ዕቃ ጠባቂ ሆኑ! አንድ ቀን ነርሷን «ልጄ፣ መፍቻ ካለሽ እስቲ ልየው፤ ፓምፑ ይመስለኛል» አሏት። ሳቀች። እሳቸው ግን ቀልዳቸውን አልነበረም። ለጥቂት ቀናት ሠራ፣ እንደገና ቆመ። ወደ አዲስ አበባ እንውሰዳቸው ስንል ሐኪሙ መንገዱን አይችሉትም አለ። የተናገርነው ሁሉ፣ ያሰብነው ሁሉ፣ ግድግዳ ሆነብን።

ደግሞም ውኃ ተከለከሉ። ለቀን የተፈቀደላቸው ከአንዲት ትንሽ ብርጭቆ አይበልጥም፤ በዚያ ሙቀት። ብርጭቆዋን የምይዘው እኔ ነበርኩ። ከንፈራቸው ተሰነጣጥቆ «አስቱ፣ አንድ ጉንጭ» ይሉኛል። «ጋሼ፣ ለዛሬ አልቋል» እላለሁ። «እሺ» ይላሉ። ጣሪያውን ያያሉ። እኔ ወጥቼ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ አለቅሳለሁ፣ ተመልሼ ገብቼ ግንባራቸውን በእርጥብ ፎጣ አብሳለሁ። ከዚህ በላይ የምሠራው አልነበረኝም።

አሁን ወደ ኑዛዜዬ መጣሁ።

ስለ ጋሼ የጾም ጸሎት ስትይዙ፣ በየቀኑ ተራ ወጥቶላችሁ እሳቸው በረንዳ ላይ ተሰብስባችሁ እንድትጸልዩ ተወሰነ። የተራውን ወረቀት የተየብኩት እኔ ነኝ። ሽማግሌያችን ቆመው ያነቡልኛል፣ እኔ እተይባለሁ፤ ሰኞ መዘምራን፣ ማክሰኞ የእኅቶች ኅብረት፣ እያለ ይወርዳል። ከታች «ከጸሎት በኋላ ግቢ መጥረግ፣ አበባ ማጠጣት» አሉ። እጄ ተየበው። አምላኬ ምስክሬ ነው፣ ያን መስመር ስጽፍ ጀሪካኖቹ ትዝ ብለውኛል። «አበባ ማጠጣት የሚለው ይቅር» ለማለት አፌን ከፈትኩ። ሽማግሌው ግን እንባቸው ከዓይናቸው ተርፎ ስለ ጋሼ እያወሩ ነበር፤ ዘጋሁት። አርባ ቅጂ አትሜ ሰጠኋችሁ።

እናንተም መጣችሁ። ደረቅ አፈር የሞላው አሥራ አንድ ጀሪካን፣ ከላዩ ቅጠል እንኳ የሌለበት፣ የታመመ ሰው በር ላይ ተደርድሮ አይቶ ማን ያስችለዋል? አጠጣችሁ። በማግስቱ የመጣው አጠጣ። ወንዶቹ ከውኃ መኪና በጀሪካን ቀዱ፣ እኅቶች በጆግ እየዞሩ እያንዳንዱን እየባረኩ አፈሰሱ። አንድ ቀን ደፍሬ ለአንዲት እናታችን «እማዬ፣ እነዚህ አሁን ውኃ አይፈልጉም» አልኳቸው። «አንቺ ልጅ! በዚህ ፀሐይ? እኛስ ውኃ አንፈልግም?» አሉኝ። ሁሉም ሳቁ፣ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ሱቄ ገብቼ በትልቁ «እባካችሁ ውኃ አታጠጡ» ብዬ አተምኩ። ይዤው ወጣሁ። በረንዳው ላይ ሃያ ሰው ተንበርክኮ «ጌታ ሆይ አስነሣቸው» እያለ ያለቅሳል። በፍቅር የመጣን ሰው እጅ በወረቀት መከልከል አሳፈረኝ። ወረቀቱን አጣጥፌ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩ።

ከእናንተ አንዱንም አልወቅስም። አልነገርኳችሁም፤ ማወቅ የነበረባትም፣ መናገር የነበረባትም እኔ ነኝ። በሕይወታቸው አንድ ነገር አደራ ብለውኝ ሆስፒታል ገቡ፤ አንድ ነገር ብቻ፣ ጀሪካኖቹን ውኃ እንዳይነካቸው።

በሦስተኛው ሳምንት ሽታው መጣ። ማማ ሮዛ ናቸው ቀድመው ያሸተቱት። ጀሪካኑን በእጄ ቆፈርኩት። ሥሩ ጣቶቼ መካከል እንደ በሰለ ሙዝ ፈረሰ። ሁለተኛውን ቆፈርኩ፣ ሦስተኛውን። አሥራ አንዱንም ቆፈርኩ። የማማ ሮዛ መደብ ላይ የነበረው ደግሞ በዓመቱ መጀመሪያ ምስጥ በልቶት አልቋል፤ ሌላ የለም። መሬት ላይ ተቀምጬ «ምን ልበላቸው? ምን ልበላቸው?» እላለሁ። ማማ ሮዛ በጀርባዬ ቆመው «ማሌሽ፣ አይዞሽ ልጄ። ካላስ፣ አንዴ ሆኗል። አትንገሪያቸው፤ እዚያ ተኝቶ እውነት ምን ያደርግለታል?» አሉኝ። አፈሩን ከግቢው ጀርባ ደፋን፣ ጀሪካኖቹን አጥበን ደፍተን አስቀመጥን።

በዚያው ከሰዓት ሆስፒታል ሄድኩ። ድምፃቸው ከውስጥ ከሩቅ ነው የሚመጣው። እጄን ያዙና የጠየቁኝ ስለ ሐኪሙ አልነበረም፣ ስለ ማሽኑም አልነበረም።

«በቀሉ?» አሉኝ።

«በቅለዋል ጋሼ» አልኳቸው። «ሦስቱ ብቅ ብለዋል።»

ፊታቸው በራ። እውነት እላችኋለሁ፣ ከወደቁ ጀምሮ እንዲያ ሲያበሩ አላየሁም። ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ቀዩዋስ?»

«ቀዩዋም።»

«ቡቃያዋ ምን መልክ አላት?»

«አረንጓዴ» አልኩ፣ ሳላስብ። «እንዴት ያምራል መሰለዎት፣ ለምለም አረንጓዴ።»

የቀዩዋ ቡቃያ አረንጓዴ አይደለም። ከአፈር ሲወጣ ጠይም ሐምራዊ ነው፣ እንደ ቀይ ሽንኩርት ቅርፊት፤ በዚህ ነው ከነጩ የምትለየው። ስምንት ዓመት ያስተማሩኝ ይህንን ነው። አፌ ውስጥ ቃሉ ሳያልቅ ትዝ አለኝ፤ ግን ወጥቷል። ዓይናቸውን ገልጠው አዩኝ። ረጅም ጊዜ አዩኝ። ከዚያ እጄን ቸብ ቸብ አደረጉና «ጥሩ ነው። ጫፋቸውን መቀንጠስ እንዳትረሺ» አሉኝ። ከዚያ ቀን በኋላ ስለ ዳሊያ አንድም ጊዜ አልጠየቁኝም።

አውቀው ነው ወይስ ደክሟቸው? ይህን ጥያቄ ስንት ጊዜ እንዳገላበጥኩት አልነግራችሁም። ነርሷን ጠየቅሁ፣ ማማ ሮዛን ጠየቅሁ፣ ተንበርክኬም ጠየቅሁ። መልስ የለም፤ መልሱን የያዙት አንድ ሰው ናቸው።

ሐሙስ ረፋድ ላይ፣ እኔ ፎጣውን ልነክር በወጣሁበት፣ ብቻቸውን አረፉ። ዓርብ ዕለት ሬሳቸውን ስንሸኝ ሳጥናቸው ላይ የተቀመጠው የፕላስቲክ አበባ ነበር። ማን እንዳመጣው አላውቅም፤ በቅን ልብ ነው ያመጣው፣ እግዚአብሔር ይስጠው። በዚህ ወቅት ጁባ ውስጥ ሌላ ከየት ይመጣል? እኔ ግን ያን አበባ ማየት አቅቶኝ ከሰው ኋላ ቆምኩ። «አስቴር ምነው ቀርባ አልተሰናበተችም?» ያላችሁ ካላችሁ፣ ምክንያቱ ይህ ነበር።

ጋሼ፣ አሁን ለእርስዎ ነው የምናገረው፤ የቀረውም ሰው ይስማ። አልበቀሉም። ሦስቱም አልበቀሉም፣ አንዱም አልበቀለም። እናትዎ ጓሮ ሄጄ ሌላ ላመጣልዎት ብመኝ፣ ቤቱ ከተሸጠ ስንት ጊዜው እንደሆነ እርስዎ ራስዎ ነግረውኛል። ያሳደጉትን ማቆየት አቃተኝ፣ እርስዎን ማቆየትም አቃተን፤ በጸሎታችንም በእንባችንም በሩጫችንም አልሆነልንም። ያስተማሩኝ እጆች ሥራ ፈትተው ጭኔ ላይ ተቀምጠዋል። ይሂዱ ጋሼ፣ ጥማት ወደሌለበት ይሂዱ፤ እዚያ የሚከለክልዎት የለም። እኔን ግን፣ ውሸቴን አውቀው ዝም ብለውኝ ከሆነ፣ ይቅር ይበሉኝ። አምነውኝ ከሄዱ ደግሞ፣ ከዚያ ይበልጥ ይቅር ይበሉኝ።